«ግታው» የሚባልለት አውቶቡስ

ሆሳዕና ውስጥ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ በሚገኝ ግቢ፣ አንድ አሮጌ አውቶቡስ አለን። «አለን» ስል አፌን ሞልቼ ነው። ጣሊያን ሠራሽ ነው። አፍንጫው ረጅም፣ ከወገቡ በላይ ክሬም፣ ከወገቡ በታች አረንጓዴ፣ ጣሪያው ላይ የዕቃ መጫኛ የብረት ፖርቶመጋላ የተሸከመ። አስፋልት ሳይገባ በፊት ከሆሳዕና ተነስቶ በዶዮገና በኩል ዱራሜ ይሄድ የነበረው መኪና እሱ ብቻ ነበር ይላሉ ትልልቆቹ። «ብቻ» የሚሉትን አላጣራሁም። ሚኒባስ ከበዛ በኋላ ግን ቆመ፤ እኔ በትዳር ወደዚህ ከተማ ስመጣ ዶሮ እንቁላል ይጥልበት ነበር።

ዕድሜውን ሙሉ የነዱት የባለቤቴ አባት ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም። ለምን እንደማልጽፍ ኋላ ይገባችኋል። እኔ አባ ነው የምላቸው።

እኔ ከዱራሜ በላይ ካለች መንደር የተወለድኩ የከምባታ ልጅ ነኝ፤ የባለቤቴ ቤት ሀዲያ ነው። ቋንቋዎቻችን ዘመዳሞች ቢሆኑም ለቀልድና ለኩርፊያ አይበቁንም፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ የምንግባባው ባብዛኛው በአማርኛ ነው። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ልብስ እሰፋለሁ። ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም፤ ደንበኛ ሲመጣ ሜትሩን አንገቴ ላይ ጥዬ በጣቴና በዓይኔ ነው የማወራው።

አውቶቡሱ ለብረት ገዢ ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ የመጣ ጊዜ፣ ጡረታ የወጡ ሾፌሮችና መካኒኮች ተሰብስበው ባለቤቶቹን ለመኑና ተረከቡት። ሊጠግኑት፣ ከተነሳም በድሮው መንገዱ ሊመላልሱት ተስማሙ። የሁሉም አለቃ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ዓርብ እሳቸው መስጊድ ናቸው፤ እሑድ እኛ ቸርች ነን፤ የሥራው ቀን ቅዳሜ ሆነ። ከወረዳ የመጣ ሰው «በጎ ፈቃደኞች» ብሎ ሲያመሰግናቸው መካኒኩ እጃቸውን በግራሶ ጨርቅ እየጠረጉ፣ ደመወዝ የሌለው ሥራ ሁሌም ስሙ ቆንጆ ነው አሉ ይባላል።

እኔን ወደ ሥራው የሳቡኝ ወንበሮቹ ናቸው። አንድ ቅዳሜ ማታ አባ እራት ላይ፣ ሞተሩ ሊነሳ ምንም አልቀረውም፣ ወንበሮቹ ግን ራቁታቸውን ናቸው አሉ። ለማንም አልነበረም የተናገሩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ የስፌት መኪናዬን በጋሪ አስጭኜ ሄድኩ።

የመጀመሪያውን ወንበር ልብስ ስቀደው ከውስጡ ቃጫ ወጣ፤ እኛ አገር ገመድ የምንገምድበት፣ ከእንሰት የሚፋቀው ነጭ ክር። ገሚሶቹ ስፖንጅ እንግዛ አሉ። አባ እጃቸውን ቃጫው ውስጥ ከተው ትንሽ ቆዩና እንደነበረው ይሁን አሉ። ከዶዮገና ሴቶች እስር እስር ቃጫ ላኩልን። አጥቤ አደረቅሁት፣ አበጠርኩት፣ ሞላሁት፣ ላዩን በአረንጓዴ ሌዘር ሸፈንኩት። ስሰፋ መንገደኛ እየገባ ድሮ የተቀመጠበትን ቦታ ይፈልግ ነበር። አንድ ጎልማሳ ሰው ከኋላ ሁለተኛውን ወንበር እየዳሰሰ እዚህ ላይ ነው የተወለድኩት አለኝ። ከመኪናው ሥር የመካኒኩ ድምፅ መጣ። እናትህ የከፈለችው የአንድ ሰው ነው፣ የአንተ ትኬት ይቀራል አሉት።

ወንበሩ ሁሉ ሲያልቅ አውቶቡሱን ከግቢ ለማውጣት ተነሳን። ባትሪው ደካማ ስለነበር በስፒንታ፣ ማለት በግፊት፣ ነው የሚነሳው። አፍንጫው ወደ ግድግዳው ነበር። ስለዚህ ሰዎቹ በሙሉ ከፊት ሆነው ወደ ኋላ ሊገፉት፣ አባም መሪው ላይ ሆነው ኋላ ማርሽ ሊያስገቡ ተባለ። የጎን መስታወቱ ገና አልተገጠመም። ከኋላ ሆኖ መንገዱን የሚያይ ሰው ጠፋ። መካኒኩ ዞር ዞር ብለው እኔን አገኙ።

«ሙሽሪት፣ መርፌውን ሰክተሽ ነይ። ከኋላ ቁሚ። ቦታው ሲያልቅ ‹ያዝ› በይ። ሌላ ምንም አይጠበቅብሽም።»

ለሌላ ሰው ይህች ቀላል ቃል ናት። በአገራችን መኪና ሁሉ በእሷ ነው የሚቆመው። የአባ ስም ግን በዚህችው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ነው የሚጀምረው።

በእኛ ዘንድ ባሊሻ የሚባል ወግ አለ። ምራት የአማቶቿን ስም አትጠራም፤ ስማቸው በሚነሳበት ድምፅ የሚጀምር ቃልም ከአፏ አይወጣም፤ ሌላ ቃል ፈልጋ ትተካዋለች። አሁን አሁን የተዉት ብዙ ናቸው። በአማርኛ ሲናገሩ አይቆጠርም የሚሉም አሉ። እናቴ ግን፣ አፌ አንድ ነው፣ ለአማርኛ ብዬ ሌላ አፍ አልበደርም ትላለች። እኔም ፈርቼ አይደለም የምጠብቀው። ሰው ፊት መናገር ለማይሆንልኝ ሴት ክብር የምሰጥበት መንገድ ይሄ ነው፤ ማንም ሳይሰማ፣ ቃል እየዘለልኩ። እዚህ ላይም ቃሉን የጻፍኩት መካኒኩ ስላሉት ነው እንጂ የእኔ አይደለም።

ይህን ሁሉ ለመካኒኩ መንገር አልቻልኩም። መርፌዬን ሰክቼ ከበሩ ውጪ መንገዱ ላይ ቆምኩ።

ገፉት። አንዴ አስነጠሰ፣ ሁለተኛ አስነጠሰ፣ ከዚያ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ተነሳ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። አውቶቡሱ በበሩ ወጥቶ ወደ እኔ ይመጣል። ከኋላዬ መንገዱ አልቆ የጎረቤት የእንሰት ጓሮ ይጀምራል። እጄን አወዛወዝኩ፤ ማን ይየኝ። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ መጣና እዚያው ቀረ። ወደ ጎን ዘልዬ ሌላ የመጣልኝን ጮህኩ።

«በቃ አባ! በቃ!»

አባ ሰሙኝ። ግን ቦታው በቃ፣ ይበቃዎታል፣ ይምጡ ብላ ነው ብለው ተረዱት። ደስ ብሏቸው ነዳጅ ጨመሩ። አውቶቡሱ መንገዱን ተሻግሮ እንሰቱ ውስጥ በቂጡ ተቀመጠ።

ሰው አልተጎዳም። አንድ ትልቅ እንሰት ግን ተጋድሟል። ጎረቤታችን ከቤቱ ወጥቶ እንሰቱንና አውቶቡሱን ተራ በተራ አየና፣ ዱራሜ የሚሄደው በዚህ በኩል ነው እንዴ ብሎ ጠየቀ። መካኒኩ ጎማው ሥር ታኮ ከተቱ፣ ከሥር ገብተው ወጡ፣ ከዚያ ወደ እኔ መጡ።

«ፍሬኑ ደህና ነው። በቃ ማለት ምን ማለት ነው፣ ሙሽሪት? በቃ የሚባለው ወጥ ሲጨመርልሽ ነው።»

ሁሉም ሳቀ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አባ ቀስ ብለው ወረዱ፤ የተጋደመውን እንሰት በእጃቸው ነካ አደረጉና ቀና አሉ።

«የጎረቤትን ልጅ ሁሉም በስሙ ሲጠራው አንቺ ብቻ ‹ትንሹ› የምትይው» አሉ፣ «ለካ ለዚህ ነው።»

ልጁ ሞክሼያቸው ነው።

«ባሊሻ ነው» አሉ ወደ መካኒኩ ዞረው። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «እናቴም እንዲህ ነበረች።»

መካኒኩ ጢማቸውን አሻሹ። «እንግዲህ እንሰቱን የጣለው ስምህ ነው። ካሳውን አንተ ተክል።»

ወደ ሥራ ስንመለስ ግን ነገሩ ቀልድ ሆኖ አልቀረም። የዱራሜው ጉዞ ቀርቧል፤ በሩ ላይ የሚቆም ረዳት ደግሞ የለም። የድሮው ረዳት በሕይወት የለም። መካኒኩ ከመናኸሪያ አንድ ወጣት ረዳት እንለምን አሉ፤ ክፋት አልነበረበትም። እኔ ግን ስሰማው ክሩ ከእጄ ወደቀ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ወንበር ሰፍቼ ልመለስ የመጣሁ ይመስለኝ ነበር። ለካ ልቤ በሩ ላይ ነበር። ከዱራሜ ሙሽራ ሆኜ ስወጣ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ፣ ፊቴን ሸፍኜ፣ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ነው የወጣሁት። ስመለስ በዚህ አውቶቡስ በር ላይ ቆሜ መግባት ፈለግሁ። ይህንንም መናገር አልቻልኩም። አንገቴን ደፍቼ መስፋት ቀጠልኩ።

የተናገሩት አባ ናቸው።

«ወንበሩን የሰፋችው እሷ ናት። በሩም የእሷ ነው።»

«ይሁን። ግን ቆማ ምን ልትል?» አሉ መካኒኩ። «እሷ ቃሉን አትል፣ አንተ ሌላ ቃል አትሰማ።»

«ቃሉን እኛ እንቀይራለን እንጂ እሷ ወጓን አትቀይርም።» ወደ እኔ መጡ። «ልጄ፣ አገርሽ ጋሪ ላይ ተሳፍረሽ መውረድ ስትፈልጊ ባለ ጋሪውን ምን ትይዋለሽ?»

«ግታው።»

«አልተሰማም» አሉ መካኒኩ።

«ግታው።»

«እንሰቱ አሁንም አልሰማም።»

ጮህኩ። ዶሮዎቹ ከመኪናው ሥር ወጡ። ለካ ድምፅ አለኝ።

መካኒኩ አውቶቡሱን ፈረስ አደረግሽው ብለው ሳቁ። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። አባን እንዴት እንዲህ አዛለሁ? ጠጋ ብዬ፣ «ይግቱት» ብል አይሻልም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ፍሬን አንቱ አይባልም» አሉኝ አባ። «አንቱታውን ለቤት ተይው።»

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መለማመድ ጀመርን። ለእኔ ቀላል ነበር፤ የከበደው ለአባ እግር ነው። ዕድሜ ልኩን አንድ ቃል ሲሰማ የኖረ እግር ነው። ስጮህ አባ መጀመሪያ አስበው ነው የሚረግጡት። እየቆየ ግን ማሰቡ ቀረ። መካኒኩ አዲስ ሕግ አወጡ፤ በዚህ መኪና አጠገብ የድሮውን ቃል የተናገረ ሰው የመኪናውን ሆድ ይጠርጋል። ከሁሉም በላይ የጠረጉት ራሳቸው ናቸው። አባም ከዶዮገና የእንሰት ችግኝ አስመጥተው በወደቀው ቦታ በእጃቸው ተከሉ። ጎረቤታችን ውሃ ማጠጣቱን እንዳይረሱ እያየ ይቆጣጠራቸው ነበር።

የጉዞው ቀን ጠዋት ትንሽ ካፊያ ነበር። ሽማግሌዎቹ ኮት ለብሰው፣ እኔ አዲስ በሰፋሁት አረንጓዴ ቀሚስ ከወንበሮቹ ጋር ተመሳስዬ፣ በሩ ላይ። በዶዮገና ዳገት ሞተሩ እያቃሰተ ሲወጣ መካኒኩ እንደ ታማሚ እያዳመጡት ነበር። ወጣው። ሰው ከየጓሮው እየወጣ እጁን አውለበለበ፤ አንዳንዱ አሮጌውን ክላክስ ገና ከሩቅ ነው የለየው። ቁልቁለቱ ላይ በሬዎች መንገዱን ሲሻገሩ አየሁና «ግታው!» አልኩ። አውቶቡሱ ቆመ። ከፊታችን ይሄድ የነበረ ባለ ጋሪም ፈረሱን ገትቶ ቆመና ምን አጠፋሁ በሚል ዓይን አየን። እስከ ዱራሜ ድረስ በእሱ ስንስቅ ሄድን።

ዱራሜ መናኸሪያ ሰው ሞልቶ ጠበቀን። አባ ወደ ኋላ አዙረው በተሰጠን ጠባብ ቦታ ሊያስገቡት ጀመሩ። እኔ ወርጄ ከኋላ ቆምኩ። የመናኸሪያው ወጣት ረዳቶች ተሰብስበው ከበቡንና ቦታው ገና ሳይሞላ ከየአቅጣጫው «ያዝ! ያዝ! ያዝ በለው!» ይሉ ጀመር። የአባ እግር የድሮውን ቃል ቢታዘዝ አልፈርድባቸውም ነበር፤ ስንት ዘመን የሰሙት ነው። አውቶቡሱ ግን ቀስ እያለ መጣ። መጣ። አባ የሚጠብቁት የእኔን ድምፅ ነው። ከኋላው ካለው ግድግዳ አንድ ክንድ ሲቀረው፣

«ግታው!»

በቦታው ቀጥ አለ።

ከረዳቶቹ አንዱ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ። «እህት፣ ይሄ መኪና ነው በቅሎ?»

ጓደኞቹ ሳቁ። ወትሮ ብሆን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አሁን ግን ፈገግ ብዬ፣ መኪና ነው፤ የሚቆመው ግን በዚህ ቃል ነው አልኩት። መካኒኩ በመስኮት ሆነው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁልኝ።

ከግድግዳው ሥር ዝንጅብል ዘርግተው የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ጩኸቴን ሲሰሙ ቀና ብለው ነበር፤ አሁን አውቶቡሱን ትተው እኔን ነው የሚያዩት። እነዚያ ልጆች በቅሎ ሲሉ እሳቸው ነገሩ ገብቷቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ቃል ሲተኩ የኖሩ መሆን አለባቸው። በእናቴ ቋንቋ፣ በከምባትኛ፣ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ የማን ምራት ነሽ?»

አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። አሮጊቷ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ፤ ምራት የማትመልሰው ጥያቄ መሆኑን እያወቁ ነው የጠየቁት። እጄን ወደ መሪው ዘረጋሁ።

አባ ከሾፌሩ መስኮት ደረታቸው ድረስ ወጡ። የቤት ካርታ እንደሚያነብ ሰው ቀስ ብለው፣ መናኸሪያው ሁሉ እንዲሰማ፣ የገዛ ስማቸውን ተናገሩ። ከዚያም ጨመሩ።

«የእኔ ናት።»