«በቃ» ስትል ማን ሰማት?

ከግቢው በር ገባ እንዳለች የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የራሷን ፊት አየችው። አፏ ተከፍቶ፣ ዓይኗ ተጨፍኖ፣ ግንባሯ በላብ ተነክሮ። ከሥሩ በትልልቁ ተጽፏል፦ «የወሩ ምርጥ ታማሚ! የተግባር ፈተናውን በአስደናቂ ትወና ያደመቁት እናታችን!»

«ትወና? ትወና አላችሁት?» አለች ጮክ ብላ።

በአጠገቧ የሚያልፉ ሁለት ተማሪዎች ሳቅ ብለው «እንኳን ደስ ያለዎት፣ በሽተኛዋ!» አሏትና ሄዱ።

በሽተኛዋ የግቢ ስሟ ነው፤ ሥራዋም እሱው ነው። የጤና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን እውነተኛ ሕመምተኛ ላይ ከመልቀቁ በፊት እሷ ላይ ይለቃቸዋል። አልጋ ላይ ትተኛለች፣ እነሱ እየተንቀጠቀጡ «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ይሏታል፣ እሷም ከወረቀት ያጠናችውን በሽታ ትታመማለች። ወረቀቱን «ኬዝ» ይሉታል። ያልታመመችው ነገር የለም። ስኳር ታማለች፣ አስም ታማለች፣ ልጆቿ ራሳቸው ወልደው ከጨረሱ በኋላ እሷ እርጉዝ ሆና ታውቃለች። ታላቅ እህቷ «ሰው ጤና ይለምናል፣ አንቺ ልብስሽን ለብሰሽ በሽታ ፍለጋ ትወጫለሽ» እያለች ስትተርባት፣ «እኔ ካልታመምኩላቸው ነገ አንቺን ማን ሊያክምሽ ነው?» ትላታለች። ከልቧ ነው። ባሏ ሆዱን ይዞ ሐኪም ቤት የሄደ ዕለት፣ ሐኪሙ ሆዱን እንኳ ሳይነካው ማስታገሻ ጽፎ ሸኘው፤ እሱም ሳይከራከር ወጣ። አልተረፈም። ይህን ሥራ የያዘችው ከዚያ ወዲህ ነው።

በዚህ ሥራ አንድ ቃል አለ፦ «በቃ»። ትወናው ቀርቶ የምር የሆነ ነገር ከመጣ፣ ካዞራት ወይ የተማሪው እጅ ከከበደባት፣ «በቃ» ትላለች፤ ያኔ ልምምዱ ይቆማል። ደንቡ ይኸው ነው። የዘንድሮውን ፈተና ያዘጋጀው ዶክተር ታዲያ ለሆድ ሕመምተኛዋ ምን የሚል ቃል ቢጽፍላት ጥሩ ነው? ቀኝ ሆዷ ሲነካ «ወይኔ! በቃ! በቃ!» ትበል አለ። ሰው ሲያመው እንዲያ ይላላ! ማንም ልብ አላለውም፤ እሷም ብትሆን አላለችውም። ዶክተሩን «አሉ» ልበላቸው? አይ፣ ለእንዲህ ያለው «አለ» ይበቃዋል።

የፈተናው ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ሆዷን ይቆርጣት ነበር። ቁርሴ አልተስማማኝም ይሆናል ብላ ናቀችው። ተማሪዎቹ በየተራ እየገቡ ቀኝ ሆዷን ሲጫኑት የወረቀቱ ሕመምና የራሷ ሕመም ተደበላለቁባት፤ የቱ የማን እንደሆነ መለየት አቃታት። በመጨረሻ ኤሊ ገባች። ኤሊ የሚሏት ዘገምተኛ ስለሆነች ነው። ሌላው ጠይቆ ነካክቶ ሲወጣ እሷ ገና እጇን ታጥባ እያሻሸች ታሞቃለች። ሕመምተኛው እንዳይበርደው ብሎ እጁን የሚያሞቅ ግን ከሁሉም እሷ ብቻ ነች።

ያ የሞቀ እጅ ሆዷን ገና ሲነካው ጣሪያው ዞረባት። «በቃ! በቃ! ልጄ፣ የምሬን ነው፣ በቃ!»

«ጥሩ። ቀጥይ» አለ ዶክተሩ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ወረቀቱ ላይ ምልክት እያደረገ። ፈተናውን ሊዘግብ የመጣው የዜና ክፍል ሰውዬ ደግሞ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ «ኧረ ይቺ ሴትዮ ጉድ ናት!» እያለ በካሜራው ደጋግሞ አነሳት።

ኤሊ አልቀጠለችም። እጇን ያዘቻት። «እትዬ፣ እጅዎ እኮ በረዶ ሆኗል» አለችና ወደ ዶክተሩ ዞረች። «ዶክተር፣ ይሄ ትወና አይደለም።»

«ሰዓትሽ እየሄደ ነው።»

«ይሂድ!» ብላ መጋረጃውን ገፍታ ተሽከርካሪ ወንበር ፍለጋ ሮጠች። ኤሊ ሮጠች! ድንገተኛ ክፍል ሲያይዋት ትርፍ አንጀቷ ሊፈነዳ ጥቂት ነበር የቀረው፤ በዚያው ዕለት ኦፕራሲዮን ተደረገች።

እንግዲህ አገግማ ስትመለስ የጠበቃት ያ ፎቶ ነው። ነፍሷ ልትወጣ ስትል የተነሳችው ፎቶ! እሱን እንኳ ዋጥ አድርጋ ባለፈችው። ኤሊን ግን ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ልጅቷ ብድግ ብላ አቀፈቻት። «ፈተናውስ?» ስትላት አንገቷን ደፋች። ዜሮ። «ያለ ፈቃድ አቋርጣ ወጥታለች» ተብሎ ዜሮ። ድጋሚውን ካላለፈች ዓመቱን ሙሉ ትደግማለች፤ እሱም በዚያው ኬዝ፣ በዚያው ዶክተር ፊት።

የበሽተኛዋ ቆሽት ድብን አለ። በኬዝ ቆሽት ታማ ታውቃለች፤ ይሄኛው ግን የራሷ ነበር። እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ዜና ክፍል ገባች።

«ያን ፎቶ ከሰሌዳው ላይ አንሳልኝ። አላነሳም ካልክም እውነቱን ጻፍበት። የምር ታማ ነበር፣ ያወቀችላት አንዲት ልጅ ብቻ ነች፣ እሷንም ጣልናት በል።»

ሰውዬው ሳቀ። «እትዬ ደግሞ! ቴሌግራማችን ላይ እንደ እርስዎ የተወደደ የለም እኮ። ስንት ሰው ልብ እንደሰጠዎት ቢያዩ!»

«የምን ልብ? እኔን ያመመኝ ሆዴን!»

«የኛ ገጽ ደስ ደስ የሚል ወሬ ነው የሚያወጣው። እንዲህ ያለው ለቅሬታ ሰሚ ነው» አለና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

ዓይኑን በጨው ያጠበ! በዚያው ንዴቷ ዶክተሩ ቢሮ ደረሰች።

«ደንብ አለ» አላት። «የምር ካመመዎት ‹በቃ› ማለት ነበረብዎት።»

«አልኩ እኮ!»

«እሱማ ኬዙ ላይም አለ።»

«ታዲያ ሲያመኝ ምን ልበልልዎ? በምን ቋንቋ ልታመም?»

«ቃሉን ለወደፊቱ እናስተካክለዋለን።»

«ልጅቷስ?»

«ውጤት ውጤት ነው» አለና ስልኩን አነሳ።

እስቲ ፍረዱ! ያልሰማው ፈታኝ፣ የሰማችው ወዳቂ። ነገሩን ስትነግራት እህቷ ደነገጠች። «ተይ፣ ከሥራሽ ያባርሩሻል። አፍሽን ያዢ።»

«ባሌም አፉን ይዞ ነው የሞተው» አለቻት።

የድጋሚው ፈተና ዕለት በሽተኛዋ እንደ ወትሮዋ አልጋዋ ላይ ተጋደመች። በግራም በቀኝም ከመጋረጃ ጀርባ ሌሎቹ ታማሚዎች እየተመረመሩ ነው። ዶክተሩ ወንበሩ ላይ ተመቻችቷል። ኤሊ ገባች፣ ታጠበች፣ እጇን አሞቀች።

«የት ጋ ነው የሚያምዎት፣ እትዬ?» አለች።

በሽተኛዋ የትርፍ አንጀቱ ወረቀት እንደሚለው ቀኝ ሆዷን አሳየቻት። ኤሊ ሸሚዟን ከፍ አደረገች። እዚያው የምትነካው ቦታ ላይ ገና ቀላ ያለ የስፌት ጠባሳ አለ። የልጅቷ እጅ ባለበት ቀረ።

«ዶክተር… ትርፍ አንጀታቸው እኮ ወጥቷል።»

«ጠባሳውን እንደሌለ ቁጠሪው» አለ ዶክተሩ። «ቀጥይ።»

እንደሌለ! የገዛ ሆዷ ላይ ያለውን፣ ሳል ባላት ቁጥር የሚወጋትን፣ እንደሌለ! በሽተኛዋ ተነስታ ተቀመጠች። ሸሚዟን አወረደች፣ እግሯን ጫማዋ ውስጥ ከተተች።

«በቃ» አለች። አልጮኸችም።

ዶክተሩ ወረቀቱን ተመለከተ። «ገና ነው። ‹በቃ› የሚባለው ሆድዎ ሲነካ ነው።»

ይሄኔ ከግራው መጋረጃ ጀርባ አልጋ ሲጥ አለ። «በቃ» አለ አስም የሚታመመው ጡረተኛ ሹፌር፣ ሳሉን ትቶ። ያን ዕለት ጩኸቷን ሰምተው፣ ኬዝ ነው ብለው ከተኙት አንዱ እሱ ነው። ከቀኝም «በቃ» ተባለ። ከወዲያኛውም። መጋረጃው ሁሉ ተከፈተ፤ ታማሚዎቹ ጫማቸውን አጥልቀው ቆሙ፣ ተማሪዎቹም እጃቸውን ከታማሚዎቹ ላይ አነሱ። የፈተናው ደወል ቢደወል የሚሰማው ጠፋ።

ዶክተሩ ገና አሁን ከወንበሩ ተነሳ። «ምንድን ነው? ማነው ያመመው?»

«ጎሽ!» አለች በሽተኛዋ። «ይኸው ጠየቁ። ይቺ ልጅ ያን ዕለት ዜሮ ያገኘችው ይህንኑ ስላወቀች ነው። እሱን ሳይሰርዙ እዚህ አልጋ ላይ የሚተኛ የለም።»

ዶክተሩ ባዶዎቹን አልጋዎች አየ፣ በር ላይ ተራ የሚጠብቁትን ተማሪዎች አየ። ያለ ታማሚ ማን ማንን ይፈትናል? ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ብዕሩን አወጣና ዜሮዋን ሰረዘ።

ኤሊ አላየችውም። የበሽተኛዋን እጅ ይዛ፣ ቀዝቅዞ እንደሆነ በቀስታዋ እያየች ነበር። «አሁንስ ደህና ነዎት፣ እትዬ?»

«ሆዴስ ድኗል፣ ልጄ» አለቻት። «ቆሽቴ ነው ገና።»