በሳምንት ስምንት ሰዓት

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ነገር ፍራሽ ማስጣት ነበር። ቦንጋ ላይ ዝናቡ ሲረዝም ፍራሽ ከሥሩ ይሻግታል። ያን ቅዳሜ ፀሐይ ብቅ ስትል ሳንነጋገር ከሁለት ጫፍ ያዝነው፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። በሩ ላይ ተቀረቀረ።

"ወደ አንቺ ሳቢው" አለኝ።

"አንተ ግፋው እንጂ።"

እንደምንም አውጥተን አጥሩ ላይ ደገፍነው። እኔ ሻጋታውን በመጥረጊያ መታሁት፤ እሱ እጁን በሱሪው ጠርጎ ሰዓቱን አየ። ለሰባት አምስት ጉዳይ ነበር።

"ሂድ፣ ሂድ። ሰዓትህ እንዳይቃጠልብህ" አልኩት።

"ዝናብ ከመጣ ጥሪኝ፤ አብረን እናስገባዋለን።"

"ሰዓትህን ቀንሼብህ?"

ሳቅ ብሎ ገባ። ዝናቡ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። አልጠራሁትም። ብቻዬን እየጎተትኩ አስገባሁት፣ ጫፉን ጭቃ ነካው፣ እራት እስክንበላ ድረስም በዚያ ጭቃ ነዘነዝኩት።

ሰኞ ለመስክ ሥራ ወደ ደካ ወጣ። ረቡዕ አስከሬኑ መጣ። ልቡ ነው አሉ። ማሳ እየለኩ ሳለ ደከመኝ ብሎ ተቀመጠ፣ ከተቀመጠበትም አልተነሳም። ከዚህ የበለጠ የነገረኝ ሰው የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ባለቤቴ የመሬት ባለሙያ ነበር። በመንግሥት ሥራው ማሳ ይለካል፣ ካርታ ያወጣል፣ በድንበር በተጣሉ ጎረቤታሞች መሃል ይቆማል። ከዚያ የተረፈውን ጊዜ ኮምፒውተር ላይ ጌም ይሠራበት ነበር። መጫወት አይደለም፣ መሥራት። ሰው ሁለቱን ሲያምታታበት ቅር ይለው ነበር። እኔ ልዩነቱን አሳምሬ አውቃለሁ፤ ግን ሆን ብዬ "ጨዋታህ" እል ነበር።

ጌሙ ስለ አንድ ጫካ ነው። አንድ ሰውዬ ረጃጅም ዛፎች ላይ የሰቀላቸው ቀፎዎች አሉት፤ ዝናብ ሳይቀድመው እየወጣ ማሩን መቁረጥ አለበት። ሰውዬው የሚናገረው በካፊኖኖ ነው፣ ባለቤቴ አፉን በፈታበት ቋንቋ። እኔ ቦንጋ ተወልጄ ካፊኖኖዬ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም። አያቶቼ ከሰሜን ለሹመት የመጡ ናቸው፤ ቤታችን ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነበር። "ይሄን ማን ይጫወትልሃል?" ስለው "አንድ ሰው አይጠፋም" ይለኝ ነበር። ስለ ጌሙ የማውቀው ይህንኑ ነው። "ነይ እይው" ሲለኝ አንድም ቀን ተነስቼ ስላላየሁት ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ሰዓት መመዝገብን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አንድ ቅዳሜ ታይፎይድ አሞኝ ክሊኒክ እንሂድ ስለው "አሥር ደቂቃ" አለኝ። እኔ ነጠላዬን ለብሼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። ክሊኒኩ ሊዘጋ ሲል ደረስን። ካርድ የሚያወጣው ሰው ተቆጣን፣ እሱ ይቅርታ ጠየቀ፤ በመንገድም በቤትም ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታው አላረካኝም።

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ገቢና ወጪ ደብዳቤ እመዘግባለሁ፣ ቁጥር እሰጣለሁ፣ ፋይል ውስጥ አስገባለሁ። ከተቀጠርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በእኛ ሥራ ያልተጻፈ ነገር አልነበረም ማለት ነው። ስለዚህ ሲሻለኝ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አንድ ባህር መዝገብ ገዛሁ፤ እኛ ደብዳቤ የምንመዘግብበት፣ ጠንካራ ልባስ ያለው ትልቁ ደብተር ነው። በማስመሪያ አምዶች ሠራሁለት። ቀን። የጀመረበት ሰዓት። ያቆመበት ሰዓት። የተሠራው ሥራ። ምርመራ። መጨረሻ ላይ ለእኔ የፊርማ ቦታ።

"እንደ ሠራተኛ ልታስፈርሚኝ ነው እንዴ?" አለ እያገላበጠ።

"ሠራተኛማ ደመወዝ አለው።"

"ስንት ሰዓት ተፈቀደልኝ ታዲያ፣ እመቤት?"

"በሳምንት ስምንት። ቅዳሜ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ፣ እሁድ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ። የቀረው የቤት ነው።"

"አሥር አድርጊው።"

"ስምንት።"

ተስማማ። ያን ጊዜ መስማማቱ አስደሰተኝ። አሁን ሳስበው ያናድደኛል፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይከራከር ነበር።

ያላሰብነው ነገር መብራቱን ነው። የሚሠራበት ላፕቶፕ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ለካርታ ሥራ ነበር የተሰጠው፤ ካረጀ በኋላ እሱ እጅ ቀረ። ባትሪው ሞቷል። ገመዱ ግድግዳው ላይ ካልተሰካ አይነሳም፣ መብራት ሲሄድ እዚያው ይጠፋል። መብራታችን ደግሞ ቅዳሜና እሁድ መሄድ ይወዳል። መጀመሪያ የጠፋ ዕለት ወጥ ቤት መጥቶ ቆመ።

"ሦስት ሰዓት ሙሉ አልሠራሁም። ነገ ጠዋት ልተካው?"

"ያጠፋውን ጠይቀው። እኔ አላጠፋሁት።"

"አንቺ፣ የምሬን ነው።"

"እኔም የምሬን ነው። ዛሬ ለመብራት ከተካህ ነገ ለዝናብ፣ ከነገ ወዲያ ለእንግዳ ልትል ነው። ሰዓቱ ሰዓት ነው።"

ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም። መብራት ሲጠፋ ግን ከወንበሩ አይነሳም። ይመለስ ይሆናል ብሎ አሥራ አንድ ሰዓት እስኪሆን ጥቁሩን ስክሪን ፊት ለፊቱ አድርጎ ይቀመጣል። እኔ ወዲያ ወዲህ እያልኩ እንጨት አስገባለሁ፣ ልብስ እሰበስባለሁ። ና አግዘኝ አልልም፤ ሰዓቱ የእሱ ነዋ። እሱም ላግዝሽ አይልም። እሁድ ማታ መዝገቡን ያቀርብልኛል። እኔ የጀመረበትንና ያቆመበትን አያለሁ፣ ስምንት መምጣቱን አረጋግጣለሁ፣ እፈርማለሁ። የተሠራው ሥራ የሚለውን አምድ አላነብም ነበር። መሥሪያ ቤትም ደብዳቤ አላነብም፤ ቀኑን፣ ቁጥሩንና የገጹን ብዛት ነው የማየው። አንድ ዓመት ከሁለት ወር እንዲህ ኖርን።

ለቅሶ ላይ ታላቅ እህቱ ከዋጫ መጡ። ሦስተኛው ቀን ላይ ሰው ሳሳ ሲል አጠገቤ ተቀመጡ።

"ወንድሜ ያን ነገሩን ጨረሰው?" አሉኝ።

"የቱን፣ እትዬ?" አልኩ። እያወቅሁ ነው።

"የማሩን ነዋ። እኛ ዘንድ ሲመጣ የአባታችንን ቀፎዎች እየዞረ ፎቶ ያነሳ ነበር። እኔንም አናግሮ በስልኩ ቀድቶኛል። መስቀል ላይ አምጥቼ አሳይሻለሁ ብሎኝ ነበር።"

"ለእኔ አልነገረኝም።"

"ጠይቀሽው ነበር?"

በክፋት አይደለም የጠየቁኝ። እኔ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ለእህቱ ቀን ቆርጦ የነገረውን ለእኔ አለመንገሩ ከሞቱ በላይ አናደደኝ ብል ሰው ይታዘበኛል። ግን እንደዚያ ነበር።

አርባው ካለፈ በኋላ የጡረታ ወረቀቱን ለመጨረስ ክሊራንስ አምጪ ተባልኩ። በሟች ስም የወጣ የመንግሥት ንብረት መመለስ አለበት። ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልዬ ወደ መሥሪያ ቤቱ ወሰድኩት። ንብረት ክፍል ያሉት ሰውዬ ለጡረታ የቀረቡ፣ ባለቤቴን የሚወዱ ሰው ናቸው። ወንበር ሰጡኝ።

"የግል ነገር ካለበት ይገልበጥልዎት። የኮምፒውተር ክፍል ልጆቹ ፍላሽ ላይ ያደርጉታል፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው" አሉኝ።

"ምንም የለበትም።"

"እሱ እኮ አንድ የሚሠራት ነገር ነበረችው…"

"ጋሼ፣ ሞዴል 19 ይቁረጡልኝና ልሂድ።"

ሞዴል 19 የገቢ ደረሰኝ ነው። ንብረቱ ግምጃ ቤት መግባቱ የሚረጋገጠው በእሱ ነው። ሰውዬው ትንሽ አዩኝ፣ ከዚያ ካርቦን አስገብተው ጻፉ። "የግል ፋይል የሌለበት" የሚል ከሥሩ ጨመሩ። ይህን የጨመሩት ለእኔ ብለው ነው፤ ያስቡበት ለማለት። አሰብኩበት። ያ ዕቃ ቅዳሜዬንና እሁዴን በልቷል፣ እትዬ ፊት አዋርዶኛል፣ እሱ ሞቶ እንኳ ስለሱ እጠየቃለሁ። የሚገባው ቦታ ይግባ አልኩና ፈረምኩ።

መዝገቡን ያነበብኩት ከዚያ ሳምንታት ቆይቼ ነው። መደርደሪያ ሳጸዳ ወደቀና ተከፈተ፣ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። የተሠራው ሥራ የሚለው አምድ ውስጥ በትናንሽ ፊደል ይጽፋል። "የዝናቡ ድምፅ ተስተካከለ።" "ሰውዬው ዛፍ ላይ ሲወጣ እግሩ ይንሸራተታል፤ አልተፈታም።" "ተፈታ።" "የእህቴ ድምፅ ገባ።" ምርመራ የሚለው አምድ ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር ይደጋገማል፦ መብራት የለም። መብራት የለም። መብራት የለም፤ ከ8 ሰዓት ጀምሮ። መብራት የለም።

ልማድ ነውና ደመርኩት። አራት መቶ ሰማንያ ሰዓት ፈርሜለታለሁ። ከዚያ ውስጥ መቶ ሰማንያ አንዱ መብራት የሌለበት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ባዶ ስክሪን ፊት ተቀምጦ፣ እኔ እንደ ተሠራ ቆጥሬ ፈርሜበታለሁ።

የመጨረሻውን ገጽ ሳይ ቅዳሜ በሚለው ረድፍ ላይ እንዲህ ይላል፦ "የመጨረሻው ቀፎ ገባ። የቀረው አሥር ሰዓት ቢሆን ነው።" ከሥሩ እሁድ፦ "መብራት የለም።" ከእሁድ ቀጥሎ የእኔ ፊርማ።

አሥር ሰዓት። ጠዋት ልተካው ሲለኝ እሺ ብል ኖሮ ገና በጋው ሳይወጣ ያልቅ ነበር። ይህን ማወቅ ሒሳብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

እሱም ጥፋት አለበት። ይህንንም እጽፋለሁ፣ ስለሞተ ብዬ አልተወውም። ሊያልቅ ነው ሊለኝ ይችል ነበር። ከዚያ ወንበር ተነስቶ መዝገቡን ፊቴ ወርውሮ "ነገ ጠዋት እሠራለሁ" ሊለኝ ይችል ነበር። አንድ ጊዜ ቢጮኽብኝ እለቀው ነበር፤ ራሴን አውቃለሁ። እሱ ግን ዝም ብሎ በጥሩ ፊደል "መብራት የለም" እያለ ጻፈ፣ እኔ እንደማላነበውም ያውቅ ነበር። ሲጽፍ ለማን እንደሚጽፍ እስካሁን አይገባኝም።

በማግሥቱ ከሥራ አስፈቅጄ ወደ እሱ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ላፕቶፑ አዲስ ባትሪ ተገዝቶለት ለአንዲት አዲስ ባለሙያ ተሰጥቷል። ወጣት ናት፣ ከቢታ ገነት ተዛውራ የመጣች። ስገባ ብድግ አለች።

"እትዬ፣ እኔ ስረከበው ባዶ ነበር" አለችኝ። "ፎርማት ተደርጎ ነው የሚሰጠን።"

"ምንም አልቀረበትም? አንድ ሥዕል፣ አንድ ድምፅ?"

"ከእኔ ካርታዎች በቀር ምንም የለበትም። ይዩት።" ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችልኝ። አየሁት። ያ ላፕቶፕ በርቶ ቀርቤ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ንብረት ክፍል ገባሁ። ሰውዬው የመጣሁበትን ሳልናገር አወቁት።

"ከተረከብኩ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ አስቀምጬው ነበር" አሉ። "ምናልባት ይመለሳሉ ብዬ።"

"ሊደውሉልኝ አይችሉም ነበር፣ ጋሼ?"

"ፈርመው የሄዱ ሰው ምን ብዬ ልደውል?"

እውነታቸውን ነው። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን አልደውልም። የእሱን ፍላሽ ቤት ፈልጌ አገኘሁ፤ ውስጡ የመሥሪያ ቤት ካርታና የአበል ፎርም ብቻ ነው። ስልኩ ደካ ላይ ከወገቡ ወድቆ ነው መሰል ከዕቃው ጋር አልመጣም። እትዬ ከዋጫ ይደውላሉ። "ተገኘ?" ይሉኛል። "እየፈለግሁ ነው" እላለሁ። የሚቀጥለው መስቀል ሲደርስ ምን እንደምላቸው አላውቅም። ድምፃቸው እዚያ ውስጥ እንደነበር እያወቅሁ ጠፋ ማለት አቅቶኛል።

ያን ያህል የታገልኩት ለቤቱ ነው እል ነበር። ልጅ የለንም፣ ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፣ ሥራው ያን ያህል አልነበረም። ከእሱ ጋር ልቀመጥ ፈልጌ ከሆነ ወንበር አምጥቼ አጠገቡ መቀመጥ እችል ነበር። ቦታ ነበረው።

አሁን ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ልብስ አጥባለሁ። ከሰዓት በኋላ አልጋዬ ላይ ጋደም እላለሁ፤ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መዝገብ ቤት ገብቼ ለገቢ ደብዳቤዎች ቁጥር እሰጣለሁ።