አሥራ አንድ ሰማያዊ ሳጥኖች

ሰው በተሰበሰበበት ሌባ ያልኩት ሾፌር ሌባ አልነበረም። ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። የሰደብኩት በሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታውም በሰው ፊት ይሁን።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2016 ነው። በሰው አገር፣ ከኦሮራ ከተማ ወጣ ብሎ መሬት ተከራይተን፣ ስምንት ሆነን ጎመንና ቃሪያ እናመርት ነበር። ሃቫና ስትሪት በሚባለው ጎዳና ላሉት የሐበሻ ሱቆች የምናስረክበው ሰም በተቀባ ካርቶን ነበር። ካርቶኑ አንድ ቀን ይሠራና ይጣላል፤ ሰም ስላለው ሪሳይክል አይደረግም። ይህ ሁሉ ቆሻሻ ለምን ብለን ገንዘብ አዋጣንና የሚታጠፉ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳጥኖች ገዛን። ሳጥኑ ውድ ነው። እየተመለሰ ደጋግሞ ከሠራ ከካርቶን ይረክሳል፤ ከጠፋ ግን ኪሳራ ነው።

ሳጥን ቆጣሪ አድርገው እኔን መረጡ። ከስምንታችን አንዱ ጋሽ ወርቁ፣ «ከእሷ ሳጥን ከሚጠፋ እኛ ብንጠፋ ይሻለናል» እያለ ያስቅ ነበር። እኔም ኮራሁበት።

ቫኑን የሚነዳው ከድር የሚባል የመርካቶ ልጅ ነበር፤ የሁለት ልጆች አባት፣ ቁጥብ ሰው። የተሞላውን ሳጥን ያደርሳል፣ ባዶውን አጣጥፎ ይመልሳል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስቆጥር አሥራ አንድ ጎደለ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ነው። ሱቆቹን ሁሉ ዞሬ ጠየቅኩ፤ መልሰናል አሉ።

እሁድ ስብሰባ ላይ አነሳሁት።

«ታዲያ ሳጥኖቹ ክንፍ አወጡ?» አልኩት ከድርን።

«እማማ፣ እኔ አልሰረቅኩም» አለ ከድር።

«የት እንዳሉ ታውቃለህ?»

ዝም አለ።

«ንጹሕ ሰው ይናገራል፤ ሌባ ነው ዝም የሚለው» አልኩ። ጋሽ ወርቁ «ተይ እንጂ፣ ቀስ በይ» ቢለኝም አልሰማሁትም። ከድር የቫኑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ።

ቫኑን የሚነዳልን ሌላ ሾፌር አላገኘንም። አንድ ቫን ያደርሰው የነበረውን ስምንት መኪና ቤንዚን እያቃጠለ ማመላለስ ጀመረ። ባዶ ሳጥን የሚሰበስብ ስለሌለ ወደ ካርቶኑም ተመለስን።

መስከረም ላይ የባልንጀራዬ የብርቄ አርባ ነበርና ፓርክ ሂል ሰፈር ያለው ቤቷ ሄድኩ። ወንበር ላወጣ ጋራዥ ስገባ ሰማያዊ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ ውሃና ለስላሳ ሞልቶባቸዋል። እዚያው ቆሜ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ናቸው።

የብርቄ ልጅ ሄለን ከኋላዬ መጣች። «እማማ፣ ሶሪ፣ ሳልመልስ ቆየሁ። በለቅሶው ጊዜ እርስዎ ጎመንና ቃሪያ የላኩልን በእነዚህ ነው እኮ። ከድር ‹እንግዳው እስኪቀል ይቆይላችሁ› ብሎን ሄደ።»

እውነቷን ነው። ብርቄ የሞተች ሳምንት ለከድር ደውዬ፣ «ለቅሶ ቤቱ ጋ አውርድላቸው» ያልኩት እኔው ነኝ። ልቤ ሐዘኑ ላይ ነበርና ጎመኑ በምን እንደሚሄድ አላሰብኩም። ከዚያም ጨርሶ ረሳሁት።

በማግስቱ ከድር ቤት ሄድኩ። ታክሲ መንዳት ጀምሯል፤ ወደ ኤርፖርት ሊወጣ ሲል ደረስኩበት። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ጥፋቴን ነግሬው ተመለስልን ብዬ ለመንኩት። ይቅር አለኝ፤ ወደ ቫኑ ግን አልመለስም አለ።

ዓመታት አልፈዋል፤ ቁጭቱ አልወጣልኝም። ልክ ልክ ነው እያልኩ ያረጀሁ ሴት ነኝ። በዚያ ስብሰባ ላይ ግን የከድርን ልጆች እንጀራ ያቋረጥኩት ትክክል የመሰለኝን ይዤ ነው።

ያን ዕለት ከቤቱ ከመውጣቴ በፊት ከድርን ጠየቅኩት። «‹የላኩኝ እርስዎ ነዎት› ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«ብናገር ከስብሰባው ተነሥተው በቀጥታ እነሄለን ቤት ይሄዱ ነበር» አለኝ። «እማማ፣ እርስዎን ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳጥን ሲቆጥሩ ማየት አልፈለግኩም።»