ግሊሰሪኑ የጾም ነው ወይስ የፍስክ?

ቡሬ የመጣሁ ሰሞን ፊቴ እምቢ አለኝ። አየሩ ነው አሉ፣ ውሃው ነው አሉ፤ ብቻ ብጉር በብጉር ሆንሁ። ክረምቱን ሳይቀር በየቀኑ ተማሪ ፊት ቆሞ ኬሚስትሪ ለሚያስተምር ሰው ይኼ ቀላል መከራ አይደለም። ባሕር ዳር ስሄድ አንድ የፊት ማጽጃ ውሃ ገዛሁ። በጥጥ ነክሮ ፊትን መጥረግ ነው፤ መለቃለቅ እንኳ አያሻውም። ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ክዳኑ ተሰበረና ፈሳሹን ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ገለበጥሁት። ጥርት ያለ ስለሆነ ከተራ ውሃ አይለይም። ማታ ፊቴን ጠርጌበት ግቢው ውስጥ ቧንቧው ሥር ተውሁት።

አከራዬ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ጊዜው ፍልሰታ ነበር፤ የዚያ ዓመት ጾማቸው ደግሞ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። አንድ ልጃቸው በነቀምት መንገድ ለቀን ሥራ ወርዶ ስልኩ ከተዘጋ ሰንብቷል። በሕይወት ይኑር አይኑር የሚነግራቸው ሰው አጡ። ስለዚህ የልጃቸውን ድምፅ እንድታሰማቸው እመቤታችንን እየለመኑ ሱባኤ ገቡ፤ ጾሙንም ቅንጣት ሳያጎድሉ ሊፈጽሙ ቃል ገቡ። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ከሚጎነጯት ጠበል በቀር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም።

እርሳቸው ደግሞ ጠበል መሬት ላይ ተጥሎ ማየት አይሆንላቸውም። የእኔን ሃይላንድ ቧንቧው ሥር ሲያዩት ጠበል መሰላቸው፤ አንስተው በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው መስኮቱ ላይ ከራሳቸው ጠበል ጋር ደረደሩት። ጠዋት ተነሥተው «በስመ አብ» ብለው የተጎነጩት እሱን ነው።

ጮኸው ሲጠሩኝ ነጠላ ጫማዬን ሳላጠልቅ ሮጥሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼ ጠበልሽ ከወዴት የመጣ ነው? አፌን አረፋ በአረፋ አደረገው እኮ!»

«እማማ፣ እሱ ጠበል አይደለም፤ የፊት ማጽጃ ነው። ዋጡት እንዴ?»

«አንድ ጉንጭ።»

ክዳኑ የተሰበረውን ዕቃ ከቆሻሻው ውስጥ ፈልፍዬ አወጣሁ። የጽሑፉ ማነስ! ጉንዳን እንኳ ከዚያ ይገዝፋል። ቶሎ ቶሎ አነበብሁና ትንፋሼ ተመለሰ። «መርዝ የለበትም፤ ቢበዛ ሆድዎን ያጓጉርዎት ይሆናል። አፍዎን ይጉመጥመጡ» አልኋቸው።

«ሆዴንማ ተይው» አሉኝ። «የጾም ነው ወይስ የፍስክ?»

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ አስተማሪ የለም። መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥንና አንድ በአንድ ነገርኋቸው። መጀመሪያ የተጻፈው ውሃ ነው፤ አብዛኛው እሱ ነው። «ውሃማ የጾም ነው» አሉ። ቀጥሎ ቆሻሻውን የሚያነሣው አለ። «እንደ እንዶድ ነው፤ ቅባቱን ይዞ ከውሃው ጋር ይወጣል» አልኋቸው። «እንዶድም የጾም ነው።» እንዳይበላሽ የሚጠብቀውንና ሽቶውን ፊታቸውን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አጨማደው አሳለፉልኝ። ከዚያ ግሊሰሪን ላይ ደረስሁ።

«እሱንማ ተረከዜ ሲሰነጠቅ እቀባው የለ? ከምን ይሠሩታል?»

እዚህ ላይ ቆምሁ። ግሊሰሪን ከቅባት ነው የሚወጣው። ከአትክልት ዘይትም ይወጣል፣ ከከብት ሞራም ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ አንድ ነው፣ በዓይን አይለይም። የጻፉትም «ግሊሰሪን» ብቻ ነው። አከራዬ አፍ አፌን ያዩኛል። «ከዘይት ነው» የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ብላት እፎይ ይሉ ነበር። ግን ልጃቸውን በዚያች ቃሌ ላይ ሊያስደግፉት እንደሆነ ዓይናቸው ነገረኝና ፈራሁ።

«እማማ፣ ከዘይትም ይሆናል፣ ከሞራም ይሆናል። አልጻፉትም፤ አላውቅም።»

እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱ። ቄሱ ደግ ሰው ናቸው፤ «ሳያውቁ የሆነ ነው፣ ጾሙ አልፈረሰም» ብለው አጽናንተው መለሷቸው። እኔም ነገሩ ያበቃ መሰለኝ።

ፍልሰታ የተፈታ ዕለት ግቢው ዶሮ ዶሮ ሸተተ። ጎረቤት የላከልኝን ወጥ ይዤ አብረን እንድንበላ እርሳቸው ዘንድ ገባሁ። ከፊታቸው ያለው ሽሮ ነው፤ ያውም ዘይት ያልነካው። እውነቴን ነው፣ ተናደድሁ።

«አባ ምንም አልሆነም ብለውዎት የለም እንዴ? ከዚህ በላይ ምን ይበሉዎት?»

«ብለውኛል» አሉ እንጀራቸውን እየቆረሱ። «ለእኔማ ይቅር ይለኛል፣ መሓሪ ነው። ግን ያቺ ጉንጭ ከሞራው እንደሆነች ማን ያውቃል? ዕድሜዬን ሙሉ ገበያ ተቀምጬ እህል ሰፍሬያለሁ፤ ለባዳ እንኳ የጎደለውን እሞላ ነበር። ለልጄ የሰፈርሁትን አጉድዬ ልስጠው?»

ዶሮውን ወደ ጎን አድርጌ እጄን ታጠብሁና ከሽሮው አብሬያቸው ቆረስሁ።