ወይራው ስር ያለችው ድንጋይ

አያቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከሰፈራችን ቦኖ ውሃ ሲቀዱ መጀመሪያ የደካሞቹን ጀሪካን ይሞሉ ነበር። ከዚያ ምርቃቱን ሳይጠብቁ ወይራው ስር ካለችው ድንጋይ ላይ ሄደው ይቀመጣሉ።

«አባባ፣ ሲመርቁዎት እንኳ አይሰሙም?» እላቸዋለሁ።

«ነቢዩ ሙሳም ተሰዶ መድየን ሲገባ፣ ርቦት ሳለ የሁለት እህትማማቾችን በጎች አጠጣላቸው። ከዚያ ዝም ብሎ ጥላ ስር ገባ፤ የለመነው ጌታውን ብቻ ነው። ትዳሩም እዚያው ጥላ ስር መጣለት። አጠጥቶ ወደ ጥላ የሚሄድ ወንድ ካየሽ፣ እሱን አግቢ።»

ከአቀስታ ሽማግሌ ሲላክብኝ አያቴ «ልጁ ራሱ ይምጣ» አሉ። ስለ ከብቱም ስለ ቤቱም ሳይጠይቁ ይዘውት ወደ ቦኖው ወረዱ። ልጁ የአሮጊቶቹን ጀሪካን ሞልቶ፣ ላቡን እየጠረገ ሄዶ የአያቴ ድንጋይ ላይ ቁጭ! እኔ በድንጋጤ ደረቅሁ። እሳቸው ግን እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ «ቦታዬን ወሰደብኝ፤ በሉ ኒካሁን እሰሩ» አሉ።

ዘንድሮ አያቴ የሉም። ጠዋት ጉሙ ወይራውን ሲሸፍነው ነጭ ጋቢያቸው ውል ይልብኛል። ባለቤቴ ለሰዉ ቀድቶ ሲጨርስ እንደ ልማዱ ወደ ወይራው ይሄዳል። ድንጋይዋ ላይ ግን አይቀመጥም፤ አጠገቧ፣ መሬት ላይ ቁጭ ይላል።