ሃያውም መለኮሻዎች

ሽማግሌው ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ ሰነድ ክፍሉ ይመጣሉ። ኮታቸው ነትቧል፤ ከቁልፎቹ ግን አንድም አልጎደለም። ወረቀት ከመንካታቸው በፊት መዳፋቸውን በመሐረብ ደጋግመው ያደርቃሉ። የሚጠይቁት ሁልጊዜ አንድ ፋይል ነው፦ በዓለም ጦርነቱ ዘመን እንግሊዝ አገር ሱሴክስ ውስጥ እሳት በሚተፋ የጦር መሣሪያ መለኮሻ ላይ የተደረገው ፈተና። የመዝገብ ጠባቂዋ ሄስተር ገጹን በቃሏ ታውቀዋለች፦ «ውሃ ውስጥ ካደሩት ሃያ መለኮሻዎች ሃያውም ሠርተዋል።»

ዛሬ ጣታቸውን ከዚያ መስመር ላይ አላነሱም።

«ውሸት ነው፣ የኔ ልጅ። ሻይ ስናፈላ ምድጃው ዳር ደርድሬ አደረቅኋቸው። ዝናቡ አንገሽግሾን ነበር፤ ፈተናው ቶሎ አልቆ ቤታችን እንድንገባ ብዬ ነው።»

«ግንባር ላይ የነበሩትስ?»

«እነሱ ምድጃ አልነበራቸውም።»

እርሳስ አንስተው ገጹን ሊያርሙ ሲሉ ሄስተር እጃቸውን ያዘች።

«ሰነድ ላይ አይጻፍም፣ ጌታዬ። በሌላ ወረቀት ጽፈው ይፈርሙበት፤ አብሮ ይቀመጣል።»

«ያኔ እንዳንቺ ያለ ጥብቅ ሰው ቢኖርብን ኖሮ!» አሉና ሊስቁ ሞከሩ። ከዚያ አቀርቅረው ረጅም ጊዜ ጻፉ።

በደንቡ ተጨማሪ ወረቀት የሚገባው ከኋላ ነው።

«ከኋላማ ማን ያየዋል?» አሏት።

ሄስተር ጥቂት አሰበችና ከፊት አስገባችው።