ወንዝ ዳር እስክስታ

ሹፌር ሆኜ በተቀጠርኩበት የመጀመሪያ ቀን መሪ አልነካሁም። ከአሶሳ የተነሳሁት ጋሽ ደበላ ከሚባሉ አንጋፋ ሹፌር ጋር ነው። የወለጋ ሰው ናቸው፤ የሚነዱት አሮጌ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና፣ ጭነታችን ሲሚንቶ። ባምባሲ ሳንደርስ አንድ ወንዝ ሞልቶ በመንገዱ ላይ ሲወርድ አገኘነው። ሞተር አጠፉና "ጫማህን አውልቅ" አሉኝ።

"ለምን?"

"ገብተህ ጥልቀቱን እየው።"

"እኔ የተቀጠርኩት ልነዳ ነው" አልኩ። መንጃ ፈቃዴን ካወጣሁ ገና ወርም አልሞላኝም፤ ኩራቴ ግን ለሦስት ሹፌር ይበቃል።

"መኪናው መዋኘት አይችልም። አንተ ትችላለህ?"

ገባሁ። እሳቸው ከዳር ሆነው "ሱታ፣ ሱታ" እያሉ ይጮኹብኛል፤ በኦሮምኛ ቀስ በል ማለታቸው ነው። ውሃው ከወገቤ ሲደርስ ተመለስኩ። ነገርኳቸው። ወንበራቸውን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርገው ውሃው እስኪጎድል ተኙ። በማግስቱ የመኪናው ባለቤት ለምን እንደዘገየን ጠየቀ፤ ወንዝ እንደያዘን ነገሩት፤ አለቀ። እሱም የዚያው አገር ሰው ስለሆነ ክረምት ምን እንደሆነ ያውቃል።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ትልቅ የትራንስፖርት ድርጅት ገባሁ። ደሞዙ ጥሩ፣ መኪናው አዲስ ነበር። ትንሽ ቆይተው ረዳቶቻችንን አሰናበቱና በምትካቸው ጂፒኤስ ገጠሙልን። አዲስ አበባ ያለው የስምሪት ክፍል እያንዳንዳችንን በስክሪን ላይ እንደ ነጥብ ያየናል። የሚሄድ መኪና አረንጓዴ ነው። ሠላሳ ደቂቃ ከቆመ ቀይ ይሆናል፤ ቀይ ሲሆን ይደወላል። ቀይ ያበዛ ሹፌር ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል፣ ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ከመኪናው ያወርደዋል።

"ጋሽ ይመር፣ ለምን ቆሙ?" ይላል ከስምሪት የሚደውለው ልጅ።

"ወንዝ ሞልቷል።"

"ስንት ደቂቃ ይፈጃል?"

ስንት ደቂቃ ይፈጃል! ወንዙን ጠርቼ ልጠይቅለት? እኔ ጎርፍ ፊት ቆሜ፣ እሱ ደረቅ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ ስለ ደቂቃ እንነጋገራለን። ንዴቱ ዛሬም አልወጣልኝም።

አንድ ቀን እንዲህ ተናድጄ ሳለ ዘዴው መጣልኝ። ውሃው እስኪጎድል ስጠብቅ፣ ሠላሳ ደቂቃው ሊሞላ ሲል መኪናውን መቶ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ወሰድኩ፤ መልሼም ወደ ፊት አመጣሁ። ማንም አልደወለም። ስክሪኑ ላይ እየሄድኩ ነው። አሶሳ ስመለስ ለጓደኞቼ እየሳቅሁ ነገርኳቸው። ክረምቱ ሳያልቅ ሁሉም ያዘው፤ ስሙንም "እስክስታ" አሉት። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ቢሮውን የሸወድኩት መስሎኝ ነበር።

ሙስጠፋን ያስተማርኩት እኔ ራሴ ነኝ። ሙስጠፋ የአሶሳ ዙሪያ ልጅ ነው፤ የቤቱ ቋንቋ በርታ፣ ጸባዩ ዝምተኛ፣ አነዳዱ የተረጋጋ። የአራት ልጆች አባት ነው። ከሦስት ክረምት በኋላ ሁለታችን በሁለት መኪና ለካማሺ ጫንን። ጭነቱ መድኃኒት ወይም ማዳበሪያ ቢሆን ኖሮ ነገሩን ሁሉ ትንሽ በተረዳሁት። የፕላስቲክ ወንበር ነበር። ሐሙስ ለሚጀመር የአንድ መሥሪያ ቤት ሥልጠና ወንበሩ አዳራሽ መግባት አለበት ተባልን።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ካማሺ ሳንደርስ ድልድይ የሌለው ወንዝ ያዘን። ሙስጠፋ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርኩ። ደፍርሶ፣ ግንድ እየጎተተ ይወርዳል። በአካባቢው የሚያርስ አንድ የጉሙዝ ገበሬ ዝናብ ሊሸሽ ዛፍ ሥር ቆሟል።

"ውሃ ገና ነው" አለን። "ላይ ዝናብ አለ። ዛሬ አያልፍም።" ቀጥሎ የሙስጠፋን መኪና በእጁ አሳየን። "እዚህ ዳር ጥሩ አይደለም። ከታች ውሃ በልቶታል።"

እኔ ሰማሁት። መኪናዬን ወደ ኋላ አድርጌ ድንጋያማው ቦታ ላይ አቆምኩ። እዚያ ጋ የሚይዘው አንድ መኪና ብቻ ነው፤ ግራና ቀኙ ረግረግ ነው። በእኔና በወንዙ መካከል ለሙስጠፋ የቀረለት አጭር፣ ጭቃማ የመረሬ መሬት ነበር።

እዚያ ቦታ በመከራም ቢሆን ኔትወርክ አለ። ባይኖር ይሻል ነበር። ሙስጠፋ ስልኩን አናግሮ ወደ እኔ መጣ።

"ሐሙስ ጠዋት ይላል። ለምን ቆመ ይላል።"

"ተወው፣ ይበል።"

"ጋሽ ይመር፣ እኔ ጋ ሁለት ወረቀት አለ። ወላሂ፣ ዛሬ ቀይ ከሆነ መኪና ይወስዳል። ልጆች አሉ።"

ያኔ "ና፣ እኔ ልውጣልህ፣ አንተ ድንጋዩ ላይ ቁም" ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን "እስክስታ ምታ፣ ግን ዳሩን ተጠንቀቅ" ነው።

ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት። በየሠላሳ ደቂቃው። እኔ ማስጠንቀቂያ ስለሌለብኝ ቀይ ሆኜ ቆምኩ። ጎማው አፈሩን እያቦካው ሄደ። በአምስተኛው ወደ ፊት ሲመጣ ዳሩ ተገመሰና መኪናው በሹፌሩ በኩል ተጋድሞ ውሃ ውስጥ ገባ።

የሸራውን ገመድ ፈትቼ ስደርስ ገበሬው ከእጄ ነጥቆ ወገቡ ላይ አሰረው። ሌላውን ጫፍ የእኔ መኪና ላይ ቋጠርኩት። ሰውዬው ገብቶ ወደ ላይ በቀረው መስኮት ሙስጠፋን ጎትቶ አወጣው። ጭኑ ተሰብሮ ነበር፤ ይጮሃል። መጮሁን ስሰማ አላህን አመሰገንኩ። ነጫጭ ወንበሮች ወንዙን ይዘው ይወርዳሉ። በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ።

"ጋሽ ይመር፣ የሙስጠፋ ነጥብ ጠፋብን። የት ሄዶ ነው?"

የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም።

ሥልጠናው ደግሞ ለካ ተራዝሟል። ሠልጣኞቹ ወንዝ ሞልቶባቸው መሻገር አልቻሉም። ይህን ለእኛ ደውሎ የነገረን ሰው አልነበረም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አሶሳ ቅርንጫፍ ለምስክርነት ተጠራሁ። ሙስጠፋ ሆስፒታል ተኝቷል። ሥራ አስኪያጁ ትሁት ልጅ ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና የተጻፈ ወረቀት ሰጠኝ። "አሽከርካሪው ያለ በቂ ምክንያት ተሽከርካሪውን ወንዝ ዳር በማንቀሳቀስ" ይላል። ከፈረምኩ ሙስጠፋ ጥፋተኛ ተብሎ ከሥራ ይሰናበታል፣ ሕክምናውም በራሱ ይሆናል።

"ምክንያቱማ እናንተ ናችሁ" አልኩት። "ወንዝ ይዞት ነው። ለምን ቆምክ እያላችሁ ስትደውሉበት ነው።"

ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። "ጋሽ ይመር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህንን ይዩት። ባለፉት ሁለት ክረምቶች እዚህ ወንዝ ላይ አንድም መኪናችን ሠላሳ ደቂቃ ቆሞ አያውቅም። ሁሉም አልፏል። የማድረሻ ቀኑን የምናወጣውም ከዚህ ተነስተን ነው። ታዲያ በዚያ ቀን ወንዙ እናንተን ብቻ ለይቶ ያዛችሁ?"

አየሁት። ወንዙ ዳር ያለው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ከነዚያ ውስጥ ስንቱ የኔ እንደሆነ አውቃለሁ። ሙሉ ቀን የቆምኩባቸው ቀናት፣ እየሄድኩ ነበር ይላሉ። በሙስጠፋ ላይ የቀረበውን ማስረጃ የሠራሁት እኔ ነኝ።

"ውሸት ነው" አልኩት። "እኔ ነኝ የጀመርኩት። ጻፍ።"

"ይህን ከጻፍኩ እኮ እርስዎ ከሥራ ይወጣሉ።"

"ጻፍ አልኩህ እኮ!"

ሁሉንም ነገርኩት፤ ሁሉንም ፈረምኩ። የሙስጠፋ ቅጣት ወደ ቃል ማስጠንቀቂያ ወረደ፤ ሕክምናውንም ድርጅቱ ቻለው። እኔን "ሌሎችን በማሳሳት" ብለው አሰናበቱኝ። ስለ ስልኩ በደብዳቤው ላይ አንድም ቃል የለም። እስከ ዛሬም ይደውላሉ አሉ።

ሙስጠፋ ያነክሳል። ወቅሶኝ አያውቅም፤ ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ለምትነዱ የምለው ይህን ነው። ወንዝ ከያዛችሁ ቁሙ፣ ነጥባችሁም ቀይ ይሁን። ማስጠንቀቂያ ሲጽፉባችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ መልሱ። አንድ ሹፌር ብቻውን ቀይ ከሆነ ይባረራል፤ ሁላችሁም አንድ ቦታ ላይ ቀይ ከሆናችሁ ግን እዚያ ወንዝ እንዳለ ቢሮውም ያያል።